ውሃው የሚሞላበት ሰዓት

በሕይወቴ ባህር ሳላይ የእንግሊዝን ሕዝብ ስለ ባህር ያስጠነቀቅሁ ሰው ነኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ውስጥ ከአንድ ብስኩት ፋብሪካ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ በየማለዳው ድምፅ መቅጃው ላይ ጎንበስ ብዬ «ዛሬ ማዕበሉ ስድስት ሜትር ይደርሳል፤ ለባለሙያ ብቻ» እል ነበር። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ውሃ የምናውቀው በባልዲ ነው፤ እሱም በኅዳር ጠዋት በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ዋና አልችልም። በምኖርበት ኪልበርን አንድ መዋኛ ገንዳ ገብቼ ውሃው እምብርቴ ላይ ሲደርስ የጨበጥኩትን ብረት አልለቅም ብዬ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቀችኝ የሰባ ዓመት አሮጊት ነበረች።

መሥሪያ ቤቱ ወሬ በስልክ የሚሸጥ ነበር። ኢንተርኔት ገና በየቤቱ አልገባም፤ ሰው የኮከቡን ዕጣ፣ የውሻ እሽቅድምድም ውጤት፣ ዓሣ የት እንደሚያዝ ማወቅ ሲፈልግ ቁጥር ይመታና የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ኮከቡንም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ቤቴ ከጎኔ ያለው ክፍል ተከራይ ሙዚቃ እየከፈተ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበርና፣ ኮከቡ ሚዛን መሆኑን ካወቅሁ በኋላ የእንግሊዝ ሚዛኖች በሙሉ ዓመቱን ከጎረቤት ጋር ሰላም እንዲፈጥሩ ስመክራቸው ከረምኩ።

ባለቤቱ ሃምሳ ያለፈው፣ ፀጉሩን ከኋላ በላስቲክ የሚያስር፣ ፊቱ በፀሐይና በጨው እንደ ቋንጣ የደረቀ እንግሊዛዊ ነው። ኮከቡም ውሻውም ግድ አይሰጠውም፤ የሚወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ። ሰርፊንግ። ሲቀጥረኝ «ባህር ታውቃለህ?» አለኝ። «አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር» አልኩት። አባቴ የግብር ጸሐፊ ነበሩ፤ ዓሣ ሲበሉ እንኳ አይቼ አላውቅም፣ እሾሁን ይፈሩ ነበር። ለሥራ ሲባል ግን የማይባል የለም። ድምፄንም ወደደው። «የተረጋጋና ያዘነ ነው፤ ሞትን በቅርብ ያየ ሰው ይመስላል» አለ። እኔ በቅርብ ያየሁት የኪልበርንን ክረምት ነበር። ደንበኞቹ ግን የሆነ የፓስፊክ ደሴት ልጅ ነው ብለው አምነው ነበር፤ ማንም አላረማቸውም።

የምናወራለት ቦታ ከለንደን በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ጠረፍ ላይ ነው። ሰርፈሮቹ ቦታውን የሚጠሩበትን ስም አልጽፈውም፤ ይህን የንስሐ አባቴም ሊያነቡት ይችላሉ። ነገሩ ሪፍ ነው፣ ውሃ ውስጥ የተነጠፈ ትልቅ የድንጋይ መደብ። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞገድ ጥልቁ ላይ ረጋ ብሎ ይመጣል፤ መደቡ እግሩን ሲይዘው ድንገት ይነሳል፣ እንደ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይቆማል፣ ከዚያ ይደፋል። ባህሩ ለስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ይጎድላል። ሲሞላ ከድንጋዩ በላይ የሁለት ሰው ቁመት ውሃ አለ፤ የወደቀ ሰው ጠልቆ ይወጣል። ሲጎድል ድንጋዩ ላይ ያለው ውሃ ከጉልበት አያልፍም፤ የወደቀ ሰው የሚወድቀው ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ውሃው ግማሽ ደርሶ እየሞላ ሳለ ግባ፣ እየጎደለ ሳለ አትግባ። እዚያ ቦታ ይህን ሕግ ጥሰው የሞቱ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ባለቤቱ ራሱ ነግሮኛል።

የማዕበሉን ከፍታ፣ በሁለት ሞገድ መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ በመስኮቷ እያየች ማለዳ በፋክስ ትልክልኛለች። የሙላቱ ሰዓት ግን የሚገኘው ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ነው። የገጹ ሙሉ ቁጥር፣ ቁጥሩ ጉንዳን ያህላል። በዚያ ላይ የተጻፈው ለሩቅ ወደብ ስለሆነ ለሪፉ የተወሰነ ደቂቃ መቀነስ ያስፈልጋል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ ብዬ ገብቼ መጽሐፏን አንብብልኝ ብዬ ማንን ልጠይቅ? የመጀመሪያውን ሳምንት በግምት ሠራሁ። የሞተ አልነበረም፤ እሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፏን ከፍቼ ሳፈጥ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ በአማርኛ «የምታየው እኮ ያለፈውን ወር ነው» አለኝ። የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ጉልበታቸው ደረጃ ላይ የሚያስቸግራቸው ሰው። ሃያ ዓመት ምጽዋ ላይ በመርከብ አገልግለዋል። ባህር ኃይላችን ባህሩንም ኃይሉንም ሲያጣ በየመን አድርገው ለንደን ገቡ፤ አሁን የሚያዙት አንድ መወልወያና አንድ ባልዲ ነው። ጋሼ እላቸው ጀመር። መወልወያቸውን ተደግፈው መጽሐፏን አንዴ አየት ያደርጋሉ፣ ቅነሳውን በአንጎላቸው ይሠሩታል፣ ሰዓቱን ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። ከዚያ ወለሉን ይወለውላሉ። በሁለት ሞገድ መካከል ያለው ሰከንድ ሲረዝም ማዕበሉ የሚከብደው ለምን እንደሆነ ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ያንኑ ለባለቤቱ ደገምኩለት። «ይሄ ልጅ ከባህር ነው የተወለደው» አለ። አላስተባበልኩም።

ለጋሼ ቃል ገባሁ። «እርስዎ እንደሆኑ እነግረዋለሁ፤ ወንበርና ጠረጴዛ ይሰጥዎታል» አልኳቸው። «እስኪ» ብለው ባልዲያቸውን አነሱ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በሚመጣባቸው ቀናት በቱታቸው ሥር ክራባት ማሰር ጀመሩ። አይቻለሁ። እንዳላየሁ ሆንኩ። ምክንያቱም ብነግረው ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ አንተ ለምንድነው የተቀመጥከው?» እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ዓመት ሊሞላ ተቃረበ።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት መናገር አለብኝ። ለንደን ያለ ሀበሻ ቀጠሮ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ነው። ያልጠየቀ ሰው ወይ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወይ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ለክርስትና ሄዶ የታጠበ ድስት ያገኘ ሰው አውቃለሁ። እኔና ጋሼ መጀመሪያ በፈረንጅ ነበርን። ከቀትር በፊት ያለውን አስራ አንድ ሰዓት «አስራ አንድ» ይሉኛል፣ «አስራ አንድ» እጽፋለሁ። ችግሩ አስራ አንድ ሰዓት በአማርኛ ሲባል ጆሮዬ የሚሰማው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አንድ ቀን ተምታታብኝና ልሳሳት ስል ጋሼ አቃኑኝ። በቃ ማመስገን ነበር። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ አዲስ ሕግ አወጣሁ። «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ በሀበሻ ይንገሩኝ፤ እኔ ራሴ ወደ ፈረንጅ ቼንጅ አደርገዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«እንዴታ» አልኩ።

በማግስቱ ጥቅምት ውስጥ የሆነ ሐሙስ ነበር። አውቶቡስ አስረፍዶኝ እያለከለክኩ ገባሁ። ኮከቡ አልተጻፈም፣ ዓሣው አልተቀዳም፣ ፋክሱ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቶታል። ወረቀቱን ሳነብ የዓመቱ ትልቁ ቀን ነው። ስድስት ሜትር፣ በሞገድና በሞገድ መካከል አስራ ስድስት ሰከንድ፣ ነፋሱ ከመሬት ወደ ባህር፤ ይህ ነፋስ የማዕበሉን ፊት ያበጥረዋል ይላሉ፣ ሰርፈር እንዲህ ያለ ቀን በስለት አያገኘውም። ጋሼ መጽሐፏን አዩና «አምስት ሰዓት» አሉኝ። «አምስት» ብዬ ጻፍኩ። ወደ መቅጃው ጎንበስ ብዬ ሞትን በቅርብ ባየው ድምፄ «ውሃው ዛሬ ከቀትር በኋላ በአምስት ሰዓት ይሞላል፤ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መግባት ይቻላል፤ ለባለሙያ ብቻ» አልኩ። የትናንቱን ሕጌን ረስቼዋለሁ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ባለቤቱ ከቤቱ ደወለ። የራሱን መስመር ሰምቶ ነበር። «እንዲህ ያለ ቀን ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሰሌዳዬን ጭኛለሁ፣ ሄድኩ» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «በሰላም ግባ» አልኩት።

እኩለ ቀን ሆነ። ጋሼ ደረጃውን ወልውለው ሲጨርሱ ብቅ አሉ። «ባህሩ እንዴት ነው? አሁን መጉደል ጀምሯል» አሉኝ።

«ገና ነው ጋሼ። አምስት ሰዓት አይደል የሚሞላው?»

ሰዓታቸውን አዩ። «አምስት ሰዓትማ አለፈ። ስድስት ሆነ እኮ።»

ባህሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ሞልቶ ነበር፤ አሁን እየሸሸ ነው። ሰውዬው በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ግማሽ ውሃ ያያል። ግማሽ ውሃ ደግሞ እየሞላም ሆነ እየጎደለ መልኩ አንድ ነው። እኔ እየሞላ ነው ብዬዋለሁ። በየደቂቃው ውሃው ይጠልቅልኛል እያለ በየደቂቃው ድንጋዩ ወደ እሱ ይመጣል።

መጀመሪያ ቅጂውን ቀየርኩ፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከመቅጃው ጎን ያለው ቆጣሪ ስንት ሰው እንደሰማው ያሳያል፤ ከአርባ በላይ ነበር። ደግነቱ የለንደን ሰርፈር ሐሙስ ቀን ክራባት አስሮ ባንክ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስለ ማዕበል የሚሰማው ለማልቀስ ነው። የሄደው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ተንቀሳቃሽ ስልክ የነጋዴ ጌጥ ነው ብሎ የሚንቅ። ለአስተማሪዋ ደወልኩ። ስልኳና ፋክሷ አንድ መስመር ነው፤ ቤት ከሌለች ማሽኑ ያነሳና ጆሮ ላይ ይጮኻል። ጮኸብኝ። ስለዚህ «አስቁሚው፣ ውሃው እየጎደለ ነው» ብዬ በትልቁ ጽፌ ፋክስ ላክሁ። ደገምኩ። አስራ አንድ ጊዜ ላክሁ። በኋላ እንደነገረችኝ ገበያ ሄዳ ነበር፤ ተመልሳ ስትገባ በሩን የከፈተችው ወረቀቴን በእግሯ እየገፋች ነው።

ጋሼ የሥራ ሰዓታቸው አልቆ ሳለ አልሄዱም። ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። «ሰው ገደልኩ» አልኳቸው። «አልገደልክም፣ ገና አልገባም» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ሆነ። «አሁን ነው አጥብቆ የሚሸሸው» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ከሞላ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ነው ብዙ የሚጎድለው።» ስለ እናትዎ ይተውኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ የብስኩት ሽታ ስንስብ ዋልን። ያን ቀን እንደ ፈራሁት ፈርቼ አላውቅም፤ ከአገር ስወጣ እንኳ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። አስተማሪዋ ነበረች። ሰውዬው ሁለት ማዕበል በሚገባ ጋልቧል፣ በሦስተኛው ወድቋል። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፣ የጀርባው ቆዳ ከግማሽ በላይ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያወጡት። በአምቡላንስ ሲጫን ይሳደብ ነበር ስትለኝ ጋሼ አማተቡ፤ እኔ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ባለቤቱ መጣ። አንድ እጁ ደረቱ ላይ ታስሯል፣ ወንበር ላይ መደገፍ ስለማይችል ቆሟል። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ልጆቼ ሆስፒታል መጥተው አዩኝ» አለ። «የሙላቱን ሰዓት ያነበበው ማነው?»

እናገራለሁ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሁት አረፍተ ነገር ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ፣ አየር ገባ፣ ምንም አልወጣም። የዚህን ጊዜ ከበሩ በኩል «እኔ ነኝ ጌታዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ መወልወያቸውን እንደ ጠመንጃ ከጎናቸው አቁመው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው።» የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው ውሸት ነው።

ባለቤቱ ዞር ብሎ አያቸው። ዓመት ሙሉ እግሩን እያነሳላቸው ሥሩን ወልውለዋል። «አንተ ደግሞ ማነህ?» አላቸው።

«የጽዳት ሠራተኛ።»

«የጽዳት ሠራተኛ» አለ ባለቤቱ፣ ወደ እኔ ዞሮ። «የእኔን ነፍስ ለጽዳት ሠራተኛ ሰጠኸው?» እኔም ወለሉን አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የኛ ሰዎች፤ ያን ቀን የእኔ ዝምታ እዚያው ቆሜ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩባቸው። «ጋሼ ምን ነካዎት? በሀበሻ ይንገሩኝ ያልኩት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ።»

«አውቃለሁ» አሉ። በአንድ እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው በጎን በጎን ነው የሚወርዱት፣ ለጉልበታቸው። «አንተ የመኖሪያ ወረቀትህ ገና አልተመለሰም። ጠበቃህ ሥራ ላይ መሆንህን ይፈልጋል። እኔን ከመወልወያ ወዴት ያወርዱኛል?»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«እንዳሻህ» አሉኝና ወረዱ። ቱታቸው አንገቱ ላይ ተከፍቶ ክራባታቸው ይታይ ነበር።

የጽዳት ድርጅቱ ወደ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር አዛወራቸው፤ ከቤታቸው ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ የገበያ አዳራሽ ነው። እኔ በማግስቱ አልነገርኩም። በሳምንቱም አልነገርኩም። ወረቀቴ ሲመለስ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ተመለሰ፣ አልነገርኩም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መጽሐፏ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለች፣ ቁጥሮቹም አሁንም ጉንዳን ናቸው። ጋሼ ከሄዱ በኋላ ሦስት ቀን ብቻዬን ታገልኩ። በአራተኛው ቀን ሁለተኛ ቅጂ ገዝቼ ሰቨን ሲስተርስ ሄድኩና ሰጠኋቸው። ምን እንደፈለግሁ ለማስረዳት አፍሬ ስንተባተብ «ማለዳ ደውልልኝ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛሁላቸው ነገር ያቺ መጽሐፍ ናት።

ከዚያ በኋላ ሁለት የፋሲካ ጾም እስኪያልፍ ድረስ፣ ከእሑድ በቀር በየማለዳው ደወልኩላቸው። ያነሳሉ፣ እንዴት አደርክ ይላሉ፣ ሰዓቱን በፈረንጅ ይነግሩኛል፣ ቀጥሎ በሀበሻ ይደግሙልኛል፣ አንድ ጊዜ መልሼ እንድልላቸው ያደርጋሉ፤ ከዚያ አውቶቡሳቸው እንዳያመልጣቸው ይሄዳሉ። ስለ ባለቤቱ ጠይቀውኝ አያውቁም። ነገርከው ወይ ብለውኝም አያውቁም። ቢጠይቁኝ እዋሻቸው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ባለቤቱ ዳነ፤ ትከሻው ትንሽ ተጣሞ ገጠመ፣ እንደገናም ገባ። ሁለተኛው በጋ ላይ አንድ ጠዋት ከበሩ ብቅ ብሎ መጽሐፏን ከፊቴ አንስቶ ገለጥ ገለጥ አደረጋት። «ያ የጽዳት ሰውዬ ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትክም» አለኝ። «ያኔም ብቻህን ብትሠራው ኖሮ ቆዳዬ ይተርፍ ነበር።» የዚያን ማለዳ ጋሼ በስልክ የነገሩኝን ሰዓት መዳፌ ላይ ጽፌው ነበር። እጄን ጨብጬ፣ አመሰግናለሁ አልኩት።